ሳይለኩ «ደህና ነው»

ባለፉት ሁለት ሳምንታት በዚህ ዓምድ ስለ ደም ግፊት አለካክ ስንጨዋወት ነበር። ብዙዎቻችሁ «ሲስተር፣ ጽሑፍሽን አንብበን ተለካን» ብላችሁ ምስጋናችሁን ልካችሁልኛል። ምስጋናውን ስቀበል ግን በልቤ አፍሬ ነበር። ለምን እንዳፈርኩ ዛሬ ልንገራችሁ። የዛሬው ጨዋታችንም ስለ ግፊት ነው፤ የሰው ሳይሆን የመኪና ጎማ ግፊት። «ነርስና ጎማ ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ።

ነገሩ የሆነው በጥር ወር ነው። የትልቋ ልጄ ባለቤት እህት ሐዋሳ ላይ ልትዳር ነበር። የእነሱ መኪና ጋራዥ ገብታ ስለነበር የእኔን ቪትዝ ይዘው እንዲሄዱ ተስማማን። ሊሄዱ ሲሉ በዋዜማው ምሽት ልጄ ደወለችልኝ።

«እማዬ፣ ዘይቱ፣ ውሃው፣ ጎማው እንዴት ነው?»

ስልኩን በጆሮዬ እንደያዝኩ በነጠላ ጫማዬ ወደ ግቢ ወጣሁ። በበረንዳው መብራት አራቱንም ጎማዎች ዞር ዞር ብዬ አየኋቸው። አንዱን በእግሬ መታ አደረግሁት፤ ጠንካራ መሰለኝ።

«ደህና ነው» አልኳት።

በማግስቱ ልጄ፣ ባለቤቷ፣ ሁለቱ የልጅ ልጆቼና የባለቤቷ እናት፣ በድምሩ አምስት ሰው፣ ከነሻንጣው፣ ከነሰርግ ልብሱና ከነድፎ ዳቦው ጉዞ ጀመሩ። እስከ ሞጆ ሰላም ነበር። ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፈው፣ መቂን አልፈው፣ ባቱ ሊደርሱ ሲሉ የኋላው ቀኝ ጎማ ፈነዳ። መንገዱ ቀጥ ያለና ለስላሳ ስለሆነ ልጄ ፈጠን ብላ ነበር የምትነዳው። የመኪናዋ ኋላ ወዲያና ወዲህ መወናጨፍ ሲጀምር እግሯ በደመ ነፍስ ወደ ፍሬን ሊሄድ ሲል ባለቤቷ «ፍሬን አትያዢ! መሪውን ብቻ ያዢ!» ብሎ ጮኸ። መሪውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ እግሯን ከነዳጁ አነሳች። መኪናዋ ራሷ እየቀዘቀዘች መንገድ ዳር ደረሰች። በዚያች ቅጽበት ከጎናቸው የሚያልፍ ከባድ መኪና አልነበረም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም አልተጎዳም።

መከራው ግን አላለቀም። ስኮርታው ወጣ፣ በክሪክ አንስተው ገጠሙት። መኪናዋ ከክሪኩ ስትወርድ ስኮርታውም አብሮ ተኛ። ለካ እሱም ነፋስ አልነበረውም! አንድ ደግ የፒክአፕ ሾፌር ልጅየውን ከነስኮርታው እስከ ባቱ አድርሶት፣ ነፋስ አስሞልቶ እስኪመለስ ድረስ ሴቶቹና ልጆቹ ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ቆዩ። ሰርጉ ላይ የደረሱት ሙሽሮቹ አዳራሽ ከገቡ በኋላ ነው።

ሲመለሱ የፈነዳውን ጎማ ይዘውልኝ መጡ። ከልጄ ጋር ሆነን ወደ ሰፈራችን ጎሚስታ ወሰድነው። ልጁ ጎማውን ከቸርኬው አላቆ ውስጡን አሳየን። በውስጠኛው ጎን ዙሪያውን ተፍቋል፤ ወለሉ ላይ ደግሞ እንደ ተፈጨ ቡና ያለ ጥቁር ዱቄት ተከምሯል። ከጥርሶቹ መካከል አናቱ አልቆ ከጎማው ጋር የተስተካከለ ሚስማር ነቀለ።

«ማዘር፣ ይሄ ጎማ በአንድ ቀን የሞተ እንዳይመስልዎት» አለኝ። «ሚስማር ይዞ ሰንብቷል። በትንሽ በትንሹ ሲያፈስ፣ እርስዎም በጎደለ ነፋስ ሲነዱት ከርመዋል። ዱቄቱ የራሱ የጎማው ሥጋ ነው።»

እኔ ለሳምንታት ገበያ፣ ለቅሶ ቤትና ቤተ ክርስቲያን በዚያው ጎማ ስመላለስ ነበር።

ልጄ አጠገቤ ቆማለች። «እማዬ፣ ከመሄዳችን በፊት ስንት ነበረው?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«አይተሽዋል አይደል?»

«አይቼዋለሁ። አልለካሁትም።»

ሌላ ነገር አልተናገረችም። ቦርሳዋን አንስታ ወደ መኪናው ሄደች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ለምን እንደዚያ እንደቆረቆረኝ እንድትረዱኝ አንድ የቆየ ነገር ላውጋችሁ። በሥራ ዘመኔ የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ኃላፊ በነበርኩበት ጊዜ፣ አንድ ምሽት ቻርቶቹን ሳገላብጥ የስምንት ታካሚዎች የደም ግፊት በሙሉ 120 በ80 ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ። የጻፈችውን ተለማማጅ ነርስ ጠርቼ «የስምንት ሰው ደም እንዴት እንዲህ ተስማማ?» አልኳት። ዕንባዋ መጣ። «ሲስተር፣ ሥራ በዛብኝ፤ ሁሉም ደህና ይመስሉ ነበር» አለችኝ። አብረን እንደገና ለካናቸው። ከስምንቱ አንዱ 190 በ110 ሆኖ ተገኘ። ሰውየው በዚያ ሰዓት አልጋው ላይ ተቀምጦ ከአስታማሚው ጋር እየሳቀ ያወራ ነበር።

ያን ቀን ለልጅቷ የነገርኳትን ከዚያ በኋላ ለመጡት ተማሪዎች ሁሉ ስደጋግመው ኖሬያለሁ። «ያላየሽውን ቁጥር አትጻፊ፤ ያልለካሽውን ደህና ነው አትበይ።» ይህን ስል የኖርኩ ሴት፣ አምስት ሰው ተሳፍሮ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ሊሄድባት ያለች መኪና ላይ በነጠላ ጫማዬ ጎማ መትቼ «ደህና ነው» አልኩ። የልጅቷን ሰበብ እንኳ አልነበረኝም፤ ሥራ አልበዛብኝም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ጠንቅቄ ለማወቅ ጎሚስታውን ጠየቅሁ፣ የመኪናውን መመሪያ አገላበጥሁ። የጎማ ግፊት ከደም ግፊት ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ሳይ ተገርሜያለሁ። የተማርኩትን በተራ ላካፍላችሁ።

አንደኛው ነገር፣ ሁለቱም በዓይን አይታዩም። የዛሬ ጊዜ ጎማ በተፈጥሮው ሥሩ ሆዱን ገፋ ያለ ነው። ስለዚህ ሙሉም ሲሆን፣ ሲሶው ሲጎድልም መልኩ ያው ነው። ጎማ በዓይናችን «ተኝቷል» የምንለው በጣም ከወረደ በኋላ ነው። በእግር መምታትም አይረዳም፤ ወፍራም ጎማ በጎደለ ነፋስም ጠንካራ ነው። ለነገሩ የጎማው ግፊት ከእኛ ግፊት እጅግ የበዛ ነው። የጤነኛ ሰው የላይኛው የደም ግፊት 120 ሲሆን፣ ይህ በጎማ መለኪያ ወደ 2.3 ፒኤስአይ ገደማ ነው። የቤት መኪና ጎማ ደግሞ 30ና ከዚያ በላይ ይይዛል። ከደማችን ግፊት አሥራ አራት እጥፍ የሚሆነውን በጫማ ጫፍ ለመለካት መሞከር ምን ይባላል?

ሁለተኛው ነገር፣ ትክክለኛውን ቁጥር የሚያውቀው ማነው? ብዙዎቻችን ጎሚስታ ጋ ስንደርስ «ስንት ልሙላ?» ስንባል «የምታውቀውን ሙላ» እንላለን። ጎሚስታው መኪናችንን የሠራት አይደለም። የእሱ ግምት ለሚኒባሱም፣ ለፒክአፑም፣ ለእኛዋ ትንሽ መኪናም አንድ ሊሆን ይችላል። የእናንተ መኪና ቁጥር መኪናዋ ላይ ተለጥፏል። የሾፌሩን በር ክፈቱና የበሩን መቃን ወይም የበሩን ጠርዝ እዩ። እዚያ ከሌለ የነዳጅ መሙያው ክዳን ውስጥ ወይም መመሪያ መጽሐፉ ላይ ታገኙታላችሁ። የፊትና የኋላ ጎማ ቁጥር ሊለያይ ይችላል። ሰውና ዕቃ ሲሞላ የሚያስፈልገውም አንዳንዱ ላይ ለብቻው ተጽፏል።

ከጃፓን የመጡት መኪኖች ላይ ጽሑፉ ጃፓንኛ ነው፤ ግን ቁጥሩ ይነበባል። እንደ 220፣ 230፣ 240 ያለ ቁጥር ካያችሁ ኪሎፓስካል ነው። ለ7 ስታካፍሉት ጎሚስታው የሚያውቀው ፒኤስአይ ይሆናል። የእኔ መኪና 230 ይላል፤ ለ7 ሲካፈል 33 ገደማ ነው። 2.3 የሚል ካያችሁ ደግሞ ባር ነው፤ በ14.5 ስታባዙት እዚያው 33 ላይ ትደርሳላችሁ። አንድ ጊዜ አስልታችሁ በወረቀት ጻፉና የመኪናው ኪስ ውስጥ አስቀምጡት።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት አለ፤ ጎማው ራሱ ጎን ላይ የተጻፈውን 44 ወይም 51 ፒኤስአይ የሚል ቁጥር አይተው «ይኸው ተጽፎልሃል» ብለው የሚያስሞሉ ሰዎች አሉ። ያ ጎማው ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻው ጣሪያ ነው። የመድኃኒት ዕቃ ላይ «በቀን ከዚህ በላይ አይወሰድ» የሚል እንደሚጻፈው ማለት ነው፤ ለእናንተ የታዘዘው መጠን ግን ሐኪሙ የጻፈው ነው። የመኪናዋ ሐኪም ደግሞ በሩ ላይ ያለው ወረቀት ነው።

ሦስተኛው ነገር፣ መቼ ይለካል? የደም ግፊት ስንለካ ሰውየው ደረጃ ወጥቶ እንደመጣ አንለካውም፤ ቢያንስ 5 ደቂቃ ዐረፍ ይላል። ጎማም ዕረፍት ይፈልጋል። ሲሄድ ይሞቃል፣ ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ይገፋል፤ ቁጥሩም በ4ና በ5 ፒኤስአይ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ በሩ ላይ ያለው ቁጥር የቀዘቀዘ ጎማ ቁጥር ነው። ቀዝቃዛ የሚባለው መኪናው ከቆመ 3 ሰዓት ያለፈው ወይም ከ1.5 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ የሄደ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ጠዋት፣ ፀሐይ ጎማውን ሳያሞቀው፣ ከግቢ ሳትወጡ መለካት ነው።

«ኮምፕሬሰሩ ያለው ጎሚስታው ጋ፤ እሱ ጋ ስደርስ ይሞቅብኛል» ትሉ ይሆናል። መላ አለው። ጠዋት ቤት ለኩ። መሆን የሚገባው 33 ሆኖ 28 ካነበባችሁ የጎደለው 5 ነው። ጎሚስታው ጋ ስትደርሱ ጎማው ሞቆ 30 ቢያነብ 35 አድርግልኝ በሉት፤ 5 ጨመረላችሁ ማለት ነው። በማግስቱ ጠዋት እንደገና ለኩና አረጋግጡ። በተረፈ ከመንገድ እንደገባችሁ ለክታችሁ 37 ብታዩ ደንግጣችሁ ነፋስ አታስቀንሱ፤ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ያድራል።

አራተኛው ነገር፣ መለኪያው የራሳችሁ ይሁን። ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጋ ትንንሽ መለኪያዎች ይገኛሉ፤ እንደ ብዕር ያለ አለ፣ እንደ ሰዓት ቀስት ያለው አለ፣ ባትሪ ያለውም አለ። ዋጋው ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። የየጎሚስታው መለኪያ ሲወድቅ ሲነሣ የኖረ ስለሆነ አንዱ 30 ያለውን ሌላው 33 ሊል ይችላል። ሁልጊዜ በአንድ መለኪያ ስትለኩ ግን የትናንቱን ከዛሬው ማነጻጸር ትችላላችሁ።

አለካኩ ቀላል ነው፤ እኔ ከቻልኩ ማንም ይችላል። የቫልቩን ክዳን ፈትታችሁ ኪሳችሁ ክተቱት፣ መሬት ላይ ካስቀመጣችሁት ይጠፋል። መለኪያውን በቀጥታ፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ቫልቩ ላይ ግፉት። «ሽሽሽ» የሚለው ድምፅ ካላቆመ አልገጠመም፤ አስተካክላችሁ ድገሙት። አንብቡ፣ ጻፉ፣ ክዳኑን መልሱ። ክዳኑን አትናቁት፤ አቧራና ጭቃ ቫልቩ ውስጥ እንዳይገባ የሚጠብቅ እሱ ነው። ከተሞላ በኋላ ቫልቩ ላይ የሳሙና ውሃ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ከሠራ ያፈስሳል ማለት ነው።

ይህን በወር አንድ ጊዜ፣ ደግሞም ረጅም መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት አድርጉ። ጤነኛ ጎማ እንኳ በወር 1 ፒኤስአይ ያህል በራሱ ይቀንሳል። ብርድ ሲመጣም ይወርዳል፤ የአየሩ ሙቀት በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀንስ ጎማው 1 ፒኤስአይ ያህል ያጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ጠዋት ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ቢገኝ አትገረሙ፤ ሙሉት። ከአራቱ አንዱ ብቻ ከወንድሞቹ በ4 ወይም በ5 ወርዶ ከተገኘ ግን ብርድ አይደለም፤ ሚስማር ወይም የቫልቭ ሕመም አለበት። የእኔን መኪና በወር አንዴ ለክቼ ቢሆን ኖሮ ያ ሚስማር የሚታወቀው በጥር መንገድ ላይ ሳይሆን በግቢዬ ነበር።

አሁን ሁላችሁም የምትሰሙትን አንድ ምክር ላንሣ። «ቆላ ስትወርድ ጎማው ስለሚሞቅ ነፋስ ቀንስ» ይባላል። እኔም ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ሲለው እየሰማሁ ኖሬያለሁ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጎማን ከሁሉ በላይ የሚያሞቀው የጎደለ ነፋስ ነው። ነፋሱ ሲያንስ የጎማው ጎን በየዙሩ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ሽቦን ወዲያና ወዲህ ስታጥፉት እንደሚሞቀውና በመጨረሻም እንደሚበጠሰው ማለት ነው። ፍጥነትና ጭነት ሲጨመርበት ሙቀቱ ይብሳል፣ ያ ጥቁር ዱቄትም የሚመጣው ከዚህ ነው። ፋብሪካው ቁጥሩን ሲያወጣ ጎማው ሲሄድ እንደሚሞቅ አስቦበታል። ከደጋ ወደ ቆላ ስንወርድ ደግሞ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው በመጠኑ ዝቅ አድርጎ ያነባል፣ የቆላው ሙቀት በበኩሉ ከፍ ያደርገዋል። ሁለቱ ስለሚቻቻሉ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ለመውረድ ተብሎ የሚቀነስ ነፋስ የለም። ይልቅስ አምስት ሰውና ሻንጣ ስትጭኑ በሩ ላይ ለሙሉ ጭነት የተጻፈ ቁጥር ካለ ወደዚያ ከፍ አድርጉት።

«እንግዲያው አብዝቼ ልሙላው» ማለትም መፍትሔ አይሆንም። ከልክ በላይ የተሞላ ጎማ መንገዱን የሚነካው በመሐሉ ብቻ ነው። ፍሬን ስትይዙ የሚቆነጥጠው መሬት ያንሳል። ጉድጓድና የኮብልስቶን ጠርዝ ሲመታውም እንደልቡ አይለጠጥም፤ በቀላሉ ይጎዳል። የጎማውን ጥርስ ብታዩ ታሪኩን ይነግራችኋል። መሐሉ ብቻ ካለቀ ነፋስ በዝቶበታል፤ ሁለቱ ዳርና ዳሩ ካለቁ አንሶበታል። ያነሰው ጎማ ነዳጅም ይበላል፣ መሪም ያከብዳል፣ በክረምት ውሃ ባዘለ አስፋልት ላይም ያንሸራትታል።

አዳዲስ መኪኖች ያሏችሁ «የእኔ መብራት ያበራልኛል» ትላላችሁ። እውነት ነው፤ የፈረስ ጫማ መሳይ ቅርጽ ውስጥ ቃለ አጋኖ ያለበት ቢጫ መብራት አለ። በብዙዎቹ መኪኖች ግን እሱ የሚበራው ነፋሱ ከሚገባው 25 በመቶ ያህል ከወረደ በኋላ ነው። 33 መሆን የሚገባው 25 ገደማ ሲደርስ ማለት ነው። መብራቱን ብቻ መጠበቅ፣ ራስ ምታት ካልተሰማኝ ግፊቴን አልለካም እንደሚለው ሰው መሆን ነው። መብራቱ በርቶ ካያችሁ ግን ዛሬ ነገ አትበሉ፤ ቆማችሁ ለኩ።

ስኮርታውን አደራ! የልጅ ልጆቼን ፀሐይ ላይ ያስቀመጣቸው የተረሳ ስኮርታ ነው። እንደ እኔዋ ባሉ ትንንሽ መኪኖች ውስጥ ያለው ቀጭን ስኮርታ ብዙውን ጊዜ 420 ኪሎፓስካል፣ ማለትም 60 ፒኤስአይ ነው የሚፈልገው፤ ከሌሎቹ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። እላዩ ላይ ተጽፏል። ባቱ ላይ ሲለካ የእኛው 18 ነበረው። እንዲህ ያለው ስኮርታ ጎሚስታ ጋ የሚያደርስ እንጂ ረጅም መንገድ የሚሄዱበት አይደለም፤ ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይም አይነዳም።

ጎማ ስትገዙም ሆነ ያላችሁን ስትመረምሩ ዕድሜውን እዩ። ጎኑ ላይ «ዲኦቲ» ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ መጨረሻ ላይ አራት አኃዝ አለ። 3519 ቢል በፈረንጅ 2019 ዓመት በ35ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፤ በእኛ ነሐሴ 2011 መሆኑ ነው። ጥርሱ ቢያምርም ዕድሜው ከገፋ ጎማው ውስጥ ውስጡን ይደርቃል። ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ ባለሙያ ይየው፤ 10 ዓመት የሞላውን ግን አታመንቱ፣ ለውጡት። ጎኑ ላይ ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ካያችሁም በመለጠፍ አይድንም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ጎማ ሊፈነዳ ይችላል። ያኔ የልጄን ባለቤት ቃል አስታውሱ። ፍሬን በድንገት አትያዙ፤ መሪውን በሁለት እጅ አጥብቃችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ እግራችሁን ከነዳጅ ቀስ ብላችሁ አንሡ፤ መኪናው ራሱ ሲቀዘቅዝ መንገድ ዳር አውጡት። ከዚያም የአደጋ መብራት አብሩ፣ ሦስት ማዕዘኑን ከኋላ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ሰዎቹን ከመንገዱ አርቁ።

እኔ አሁን በመኪናዬ ኪስ ውስጥ አንድ ደብተር አለኝ። እንደ ታካሚ ቻርት ገጹን አሥምሬዋለሁ። ፊት ቀኝ፣ ፊት ግራ፣ ኋላ ቀኝ፣ ኋላ ግራ፣ ስኮርታ፤ ቀንና ፊርማ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት፣ ቡና ሳይፈላ እለካለሁ። ዘጠኝ ዓመት የሆነው የልጅ ልጄ እኔ ጋ ካደረ እሱ ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ። አንድ ቀን አራተኛው ላይ ጉልበቴን አሞኝ «እሱም እንደ ሦስቱ 33 ይሆናል፤ ልጻፈው» ብለው «አያቴ፣ አልለካነውም እኮ!» ብሎ መለኪያውን ይዞ ሮጠ። 31 ሆኖ ተገኘ።

ለፋሲካ ሰሞን ልጄ እንደገና ደወለች። የእነሱ መኪና ሥራ ላይ ስለሆነች የእኔን ይዘው ደብረ ብርሃን ሊደርሱ አስበዋል። ከጥር ወዲህ ስለዚያ ነገር አንስተን አናውቅም ነበር።

«እማዬ፣ ጎማው እንዴት ነው?»

«ነገ ጠዋት ስንት እንደሆነ እነግርሻለሁ» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለችና ሳቀች። «እሺ፣ ሲስተር» አለችኝ። በማግስቱ አምስቱንም ቁጥሮች በስልክ አነበብኩላት፤ እሷም ጻፈቻቸው።

ውድ አንባብያን፣ ነገ ጠዋት መኪናችሁን ከማስነሣታችሁ በፊት በሩን ከፍታችሁ ያቺን ትንሽ ወረቀት ፈልጓት። ቁጥሯን ጻፏት፤ መለኪያም ግዙ። የሳምንት ሰው ይበለን፤ ቸር ሰንብቱ።